አንጎል ስሕተቱን ከእኛ ቀድሞ ሲይዘው

[ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተራ በተራ ይወጣሉ]

ተራኪ፦ «ልጅቷ ደብተሯን ጠጣች።»

«ልጅቷ ደብተሯን ገዛ።»

ሁለቱም ይጎረብጣሉ፤ የሚጎረብጡት ግን በተለያየ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ደብተር ግን አይጠጣም። የሁለተኛው ሐሳብ ይገባናል፤ ግሱ ግን ከባለቤቱ ጋር በጾታ አልተስማማም።

[የኤሌክትሮድ ቆብ ያጠለቀ ሰው፤ ጎኑ ላይ የሚንቀሳቀስ የሞገድ መስመር]

አንጎልም ሁለቱን ይለያቸዋል። የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ራስ ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች ሲለካ፣ ትርጉም የተፋለሰ ጊዜ ቃሉ በታየ በ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወደ ኔጌቲቭ የሚያጋድል ሞገድ ይነሣል። ኤን 400 ይባላል፤ ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው ያሳዩት። ሰዋስው ሲፋለስ ደግሞ 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ወደ ፖዘቲቭ የሚያጋድል ሌላ ሞገድ ይመጣል፤ እሱ ፒ 600 ነው። ድንበራቸው ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይበቃናል።

ይህ ሁሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ቋንቋስ?

ፒ 600ን ቀድመው ካጠኑት አንዱ ሊ ኦስተርሃውት ነው። እሱና ባልደረቦቹ ፈረንሳይኛ የጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በየወራቱ እየመለሱ ለኩ። የሚያቀርቡላቸው ስሕተት «አንተ ትወዳለህ» በማለት ፈንታ «አንተ ትወዳላችሁ» እንደማለት ያለ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ የሚማሩት ተማሪዎች አንጎል ስሕተቱን ይዞታል፤ የወጣው ሞገድ ግን ኤን 400 ነው! ጉዳዩ የሰዋስው ሆኖ ሳለ አንጎል የቃላት ጉዳይ አድርጎ አየው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ጀማሪው ገና ሕግ የለውም፤ «አንተ»ን እና «ትወዳለህ»ን አብረው የሚመጡ ቃላት አድርጎ ሸምድዷቸዋል። ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓይነት ስሕተት ላይ፣ የእነዚያው ተማሪዎች ሞገድ ወደ ፒ 600 ተለወጠ። የተሸመደደው ሕግ ሆነ።

[መልስ መስጫ ወረቀት፤ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት]

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የናታሻ ቶኮዊችና የብራያን ማክዊኒ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ። ስፓኒሽ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ከግምት ብዙም አልተሻለም። አንጎላቸው ግን ለአንዳንዶቹ ስሕተቶች ፒ 600 ያወጣል። አፍ ያላወቀውን አንጎል ያውቀዋል።

የትኞቹን ስሕተቶች? የግስ ጊዜ ስሕተትን ያዙት፤ በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ ሕግ አለ። የስም ጾታንም ያዙት፤ ይህ ግን በእንግሊዝኛ የለም። ያመለጣቸው በስፓኒሽ ከስም በፊት የምትገባው ትንሽ ቃል ከነጠላ ወደ ብዙ አለመለወጧ ነው። የእንግሊዝኛዋ አቻ፣ «the»፣ በቁጥር አትለወጥም። ከዚህ የምንረዳው፣ ጭራሽ አዲስ የሆነ ሕግ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው በላይ ቀላል ሊሆን እንደሚችል ነው፤ የሚጣላው ልማድ የለማ! የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ቋንቋ ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ ሲያደርገው ነው።

«ሁለተኛው ቋንቋ አንጎል ውስጥ የራሱ ክፍል አለው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአጭሩ፦ በአብዛኛው የለውም። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚሠሩበት ቦታ በእጅጉ ይደራረባል፤ ችሎታ ሲጨምር ደግሞ መደራረቡ ይጨምራል።

[በቦርድ ጨዋታ ላይ ጠጠሮች ይንቀሳቀሳሉ]

የማስተማሪያ ዘዴው ነገርስ፣ ማለትም ሕጉን ማስረዳት ይሻላል ወይስ በምሳሌ ማጥለቅለቅ? ካራ ሞርጋን ሾርትና ባልደረቦቿ በቦርድ ጨዋታ የሚነገር ትንሽ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ለሁለት ቡድን አስተማሩ። ለአንዱ ሕጉን አብራሩለት፤ ለሌላው ምሳሌ ብቻ ሰጡት። የሁለቱ ውጤት አልተለያየም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የሚመስል ሞገድ ያሳየው ግን በምሳሌ የተማረው ቡድን ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች ቋንቋውን ከ3 እስከ 6 ወር ሳይሰሙትና ሳይናገሩት ቆዩ። ሲመለሱ ችሎታቸው አልቀነሰም። ሞገዳቸው ደግሞ፣ ሕጉ የተብራራላቸውንም ጨምሮ፣ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ተጠግቶ ተገኘ።