ከቁርባን በፊት የወጣው ሰው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጎረቤታችን ነው፤ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን። ጎረቤት ያልኩት በምክንያት ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ መሃል ክራይስት ቸርች የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቤተሰቡ መቀመጫ እስከ ዛሬ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ ያለቀው በ1773 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ያን ጊዜ መቀመጫ በገንዘብ ይሸጥ ነበርና እሱም ገዛ።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። መቀመጫው ዙሪያውን በእንጨት የታጠረ ነው፤ ትንሽ በር አለው። ልጄ በሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና "አባዬ፣ ዋሽንግተን ይቆርብ ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ክርክሩ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ።

ክርክሩ ከሁለት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። አንዱ ወገን አገሪቱን የመሠረተው ሰው አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፣ ስለዚህ አገሪቱም የክርስቲያኖች ናት ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ዓለምን ፈጥሮ ለራሷ በተዋት ፈጣሪ ብቻ የሚያምን ሰው ነበር፣ ስለዚህ ሃይማኖት መንግሥት አጠገብ አይድረስ ይላል። ሰውየውን ከሁለት ወገን ይዘው ይጎትቱታል።

ማስረጃው ራሱ ሁለት ፊት አለው። ዋሽንግተን በሕፃንነቱ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል። በ1762 የትሩሮ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኖ ተመርጧል፤ ብዙ ዓመትም አገልግሏል። በደብዳቤዎቹ የእግዚአብሔርን መግቦት ደጋግሞ ያነሳል። የኢየሱስ ክርስቶስን ስም ግን በጽሑፎቹ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ወደ ቁርባኑ ልመለስ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ያን ጊዜ ዋና ከተማ በነበረችው በፊላዴልፊያ በተቀመጠበት ጊዜ አንድ ቄስ ትልልቅ ሰዎች ቁርባን ሲቀርብ ጥለው እየወጡ መጥፎ አርአያ ይሆናሉ ብሎ ሰበከ። ዋሽንግተን ነገሩ እሱን እንደሚመለከት ገባው። ቄሱን አልተቆጣም። መቁረብም አልጀመረም። ከዚያ በኋላ የቁርባን እሑድ ሲሆን ጭራሽ መምጣቱን ተወ።

ባለቤቱ ማርታ ግን ትቆርብ ነበር። የማርታ የልጅ ልጅ ኔሊ ከስቲስ በዋሽንግተን ቤት ነው ያደገችው። በ1833 በጻፈችው ደብዳቤ፣ የቁርባን ቀን ከቡራኬ በኋላ ከእሷ ጋር ወጥቶ ወደ ቤት ይመለስ እንደነበር ተናግራለች። ከዚያ ሰረገላው ማርታን ሊያመጣ ተመልሶ ይላካል። ያቺው ኔሊ፣ በዚያው ደብዳቤ፣ የእሱን ክርስትና መጠራጠር ትልቅ ክህደት ነው ትላለች። ሲወጣ ያየችውም፣ አማኝ ነው ብላ የምትምለውም አንዲት ሴት ናት!

ለአሜሪካ ሊቃውንት ይህ እንቆቅልሽ ነው። ኦርቶዶክስ ቤት ያደግን ሰዎች ግን እስቲ እናስበው። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር ቆማ፣ "እኔ ምኑ በቅቼ" ብላ ሳትቆርብ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት ስንቷን እናውቃለን? እምነት የላትም የሚል አለ? ዋሽንግተን እንደ እሷ ነበር አልልም። ከበር የወጣ ሰው ልቡ በጀርባው አይነበብም ነው የምለው።

በበረዶ ላይ ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያሳየውን ሥዕል ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ቦታው ቫሊ ፎርጅ ነው፤ በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱ ክረምቱን ያሳለፈበት ሰፈር። ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ታሪኩን ግን ከሞተ በኋላ ያሰራጨው ዊምስ የሚባል ቄስ ነው። ዋሽንግተን በልጅነቱ የቼሪ ዛፍ ጎድቶ "መዋሸት አልችልም" ብሎ ለአባቱ አመነ የሚለውን ተረትም ያመጣው ያው ሰው ነው።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለው ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1916 ልጅ ኢያሱ "ሰልሟል" ተብሎ ከዙፋን ወረደ። በእርግጥ ሰልሞ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኔ እምነት ያን ጊዜም ክርክሩ የነፍሱ ጉዳይ አልነበረም። የዙፋኑ ጉዳይ ነበር። የዋሽንግተንም እንዲሁ ነው። ጥያቄው "አገሪቱ የማናት?" ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ እሱ ራሱ ጽፎ አልፏል። በ1784 አናጺና ግንበኛ እንዲፈልግለት ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ከሆኑ ከእስያም ከአፍሪካም ከአውሮፓም ቢመጡ፣ ሙስሊምም አይሁድም ክርስቲያንም ቢሆኑ፣ ሃይማኖት ባይኖራቸውም ግድ የለውም። በ1790 ለኒውፖርት አይሁዶች ሲጽፍ ከትንቢተ ሚክያስ ወሰደ፦ እያንዳንዱ ከወይኑና ከበለሱ በታች በሰላም ይቀመጣል፣ የሚያስፈራውም የለም። ይህ አዳራሽ ውስጥ ነጠላ የለበሰችም፣ ሂጃብ ያደረገችም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያን ደብዳቤ ሳነብ የታያችሁኝ እናንተ ናችሁ።

አንድ ከባድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት መኖሪያው በነበረው እርሻ፣ ማውንት ቨርነን ላይ 317 ባሮች ነበሩ። 123ቱ የራሱ ነበሩ። እነሱ ከማርታ ሞት በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዘዘ፤ ማርታ ቀደም ብላ በ1801 መጀመሪያ ለቀቀቻቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ግን የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ስለነበሩ በባርነት ቀሩ። ስለ እምነቱ ቄሶች ተጠይቀዋል፤ ዘመድ ተጠይቋል። በየማለዳው እሳቱን የሚያነዱለት፣ ፈረሱን የሚጭኑለት ሰዎችስ? እነሱ ምን ዓይነት አማኝ እንደነበር ያውቁ ነበር። ምስክርነታቸው ጎደለብን፤ ይህ እኔን ያንገበግበኛል።

ልጄ ጥያቄዋን አልረሳችም። ከወር በኋላ "አገኘኸው?" አለችኝ። ማርታ ትቆርብ ነበር፣ እሱ ግን ይወጣ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ጽፎ አልተወም አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ከዚያ ማርታ ብቻዋን ትቀራለች?" አለች።

"አይ፣ ሰረገላው ተመልሶ ይመጣላታል" አልኳት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።