አጥቢያውን ሳታገኙ ወደ ዴንማርክ አትሻገሩ

የተከበራችሁ የቤተሰብ ታሪክ ጥናት ወዳጆች፦

ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ቅድመ አያት ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው መዝገብ ስለጠፋ አይደለም። መዝገቡ ሞልቷል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችንና የሕዝብ ቆጠራዎችን ፎቶ አንስቶ በነጻ በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል። ችግሩ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የተደራጀው በሰው ስም ሳይሆን በአጥቢያ መሆኑ ነው። «ዴንማርክ ተወለደ» የሚል ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው የትኛውን ይገልጣል?

ስለዚህ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቆዩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የ1900 ቆጠራ የልደቱን ወርና ዓመት፣ የተሰደደበትንም ዓመት ይዟል። የ1890ው ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ አትድከሙበት። የዜግነት ማመልከቻው ከሴፕቴምበር 1906 በኋላ ከሆነ የትውልድ ቦታውንና የመጣበትን መርከብ ይነግራችኋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ብዙ ጊዜ «የዴንማርክ ንጉሥ ተገዥ» ብሎ ያልፋል። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው በአዮዋ፣ በነብራስካና በሚኒሶታ ዴንማርካውያን ያቋቋሟቸውን የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ነው። ካህኑ ራሱ ከዚያው አገር የመጣ ስለነበር የአጥቢያ ስም ሲጽፍ እምብዛም አይሳሳትም።

ከ1869 ጀምሮ የኮፐንሃገን ፖሊስ በጉዞ ወኪሎች በኩል የሄዱትን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የመጨረሻ መኖሪያና መድረሻ መዝግቧል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የመጨረሻ መኖሪያ የትውልድ ቦታ አይደለም። የእርሻ ሠራተኞች ከጌታ ወደ ጌታ ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበር። በጀርመኑ የሀምቡርግ ወደብ በኩል የወጣውን ደግሞ በዚያ ወደብ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ፈልጉት። የመኖሪያው አጥቢያ ብቻ ከተገኘ የዴንማርክን ቆጠራ ክፈቱ፤ ከ1845 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ እያንዳንዱ ሰው የት እንደተወለደ ይናገራሉ።

ስሙን በተመለከተ እኛ ኢትዮጵያውያን አንቸገርም፤ የፔዘር ኒልሰን ልጅ «የንስ ፔዘርሰን»፣ ማለትም «የንስ የፔዘር ልጅ»፣ ይባል ነበር። መንግሥት በ1828 እና በ1856 ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲያዝ ቢያዝም ገጠሩ ወዲያው አልተቀበለውም። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች የተለያየ መጠሪያ ይዘው ብታገኟቸው አትደናገጡ። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ «የንስ» የተባለው «ጄምስ» ሊሆን ይችላል።

አጥቢያው ሲታወቅ ከ1814 ወዲህ መዝገቡ በሁለት ቅጂ መያዙን አስታውሱ፤ አንዱ በካህኑ፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ እጅ። እሳት ሁለቱንም እንዳይበላ በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር ክልክል ነበር። የአንዱ ጎቲክ ጽሕፈት (የድሮው የእጅ ጽሕፈት ዓይነት) አልነበብ ካለ ሌላውን ሞክሩ። ወንዶችና ሴቶች የተመዘገቡት ለየብቻ ነው፤ እህቶቹን የምትፈልጉ ገጹን ለውጡ። በ14 ዓመት ገደማ የሚፈጸመው የእምነት ማጽኛ ሥርዓት መዝገብ የልደት ቀንን፣ የወላጆችን ስም፣ የፈንጣጣ ክትባት የተወሰደበትን ቀን ሳይቀር ይዟል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ልጆች የሚለየው ይህ ነው።

በጀርመን ድንበር ካለው ከሰሜን ሽሌስቪግ የመጣ ሰው ወረቀቱ «ጀርመን» ወይም «ፕሩሺያ» (የያኔው የጀርመን መንግሥት) ሊል ይችላል፤ አካባቢው ከ1864ቱ ጦርነት እስከ 1920 በዴንማርክ እጅ አልነበረምና።

በመጨረሻም፣ የልደት ገጹን አገኘን ብላችሁ ወደ አያቶቹ ከመዝለላችሁ በፊት የዚያኑ አጥቢያ የሞት ገጾች ተመልከቱ። ሕፃን ሲሞት ስሙን ለሚቀጥለው ልጅ መስጠት የተለመደ ነበር፤ የተሰደደው ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።