የድሮ ቮልስ ፍሬን እምቢ ሲል ችግሩን ከፔዳሉ ማወቅ

[ምስል፦ ኮፈኗ የተከፈተ የድሮ ቮልስ]

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የቮልስ ፍሬን ነው የምናየው። አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን የሚነዷት ብዙ ናችሁ፤ አሠራሩ ደግሞ ቀላል ስለሆነ እሱን የገባው ሰው ሌላ የድሮ መኪናም ብዙ አይከብደውም።

ፍሬን ሲደክም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዘይት መጨመር ነው። ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ሲልለት ተስተካከለ ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ መስመሩ ዝግ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከወረደ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ እና ያ ቦታ ሳይገኝ መኪናዋ ከግቢ መውጣት የለባትም።

እግራችሁ ፔዳሉን ሲገፋ ማስተር ሲሊንደሩ (ማስተር የምንለው፣ ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ክፍል) ዘይቱን በቱቦ ወደ አራቱም ጎማ ይልካል፣ እዚያ ያለው ትንሽ ሲሊንደር ሸራዎቹን ከፍቶ ታምቡሩ ላይ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ላይ፣ ያጣብቃቸዋል፣ መኪናዋም ትቆማለች። በቃ ይሄው ነው። ችግሩ የድሮዎቹ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት፣ አብዛኛዎቹ አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ጎማ ላይ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። በኋላ የመጡት በሁለት ስለተከፈሉ ግማሹ ቢጠፋ ግማሹ ይቀራል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ እወቁ።

[ምስል፦ እግር ፔዳል ላይ]

አሁን ወደ ምርመራው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጉ። የቮልስ ፍሬን በሞተር ስለማይታገዝ ሞተሩ ጠፍቶም መመርመር ይቻላል። ፔዳሉን ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳትለቁ ያዙት።

ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ግፊቱ እያመለጠ ነው። የሚያመልጠው ወይ ወደ ውጭ ነው፣ ወይ እዚያው ማስተሩ ውስጥ። መጀመሪያ ወደ ውጭ የሚፈሰውን ፈልጉ፤ የአራቱንም ጎማ የውስጥ ፊት፣ ቱቦዎቹን፣ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ያለውን ማስተርም እዩ። ከኋላ ጎማ ውስጥ እርጥብ ነገር ስታገኙ ግን ለመወሰን አትቸኩሉ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትም በዚያው በኩል፣ በአክሱ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ላስቲክ) ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፤ በጣታችሁ ነክታችሁ ውሃ አፍስሱበት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይታጠባል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን እንዳንሸራተተ ይቀራል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ይሄን ሳይለዩ የጎማውን ሲሊንደር የሚቀይሩ አሉ፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ አዲሱ ሸራም በሳምንቱ ዘይት ይጠጣል። የየትኛውም ዘይት ይሁን፣ ዘይት የገባበት ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ሆኖ፣ ዘይቱም ሳይቀንስ ፔዳሉ ከወረደ፣ ጥፋቱ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ነው። ግፊቱን መያዝ አቅቶት ዘይቱ ከኋላው እየተመለሰ ነው። ይሄኛው አታላይ ነው፤ በኃይል ስትረግጡት ይይዛል፣ መብራት ላይ ቆማችሁ በዝግታ ስትይዙት ነው የሚከዳችሁ።

ፔዳሉ መጀመሪያ ሩቅ ወርዶ ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ከፍ ብሎ ከጠነከረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። የድሮ ቮልስ ሸራውን በራሷ አታስጠጋም፣ እኛ ነን የምናስጠጋላት። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ በካቻቢቴ አንዱን አዙሩት፣ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስ ጥቂት ጥርስ መልሱት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ማስተር ቀይሩ ከመባላችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፣ ወጪው ጉልበት ብቻ ነው።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ካለ ኤር ገብቶበታል። ኤር ማውጣት ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ፣ ከቀኝ ኋላ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት። ኤሩ በገባበት ቀዳዳ ተመልሶ እንዳይገባ ግን መጀመሪያ መግቢያውን ድፈኑ።

[ምስል፦ የላስቲክ ቱቦ በቅርበት]

አሁን ደግሞ ብዙ መካኒክ የሚያልፈው ነገር። ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ አንድ ጎማ አልለቅ ብሎ ይሞቃል፣ ወይ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ሸራው አዲስ ነው፣ ሲሊንደሩ አዲስ ነው። የላስቲኩን ቱቦ ጠርጥሩ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከዕድሜ ብዛት አብጦ ቀዳዳው ጠቧል። የእግራችሁ ኃይል ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፣ የሸራው ሞላ ግን መልሶ ለመግፋት አቅም የለውም። ጎማው እንደተያዘ የኤር ማውጫውን ብሎን ትንሽ ፍቱት። ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ታስሮ ነበር። አራቱም አብረው የሚይዙ ከሆነ ግን ወደ ማስተሩ ሂዱ፤ በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ከሌለ ዘይቱ ወደ ጋኑ (ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው) መመለሻ ያጣል።

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ብቻ የሚጠፋ ፍሬንም አለ፣ ታች ደርሳችሁ ስታርፉ ይመለሳል። እዚህ ላይ ፔዳሉ ራሱ ይነግራችኋል። ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ካልቆመች ሸራውና ታምቡሩ ከልክ በላይ ሞቀዋል። ወደ ታች ከገባ ግን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢም ሊፈላ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ውረዱ።

ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ደግሞ የፍሬን ጋን ውስጥ በጭራሽ አይግባ፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያ የሚቀየረው ሙሉው መስመር ነው።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ይዛችሁ ድጋሚ ሞክሩት። ካልወረደ ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሂዱና ያዙ። የእጅ ፍሬኑ በገመድ ለብቻው ስለሚሠራ እሱም መያዙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቀጥ ብላ ከቆመች ሰው የሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነት እየጨመራችሁ ሞክሯት፣ ስትመለሱም እጃችሁን ወደ አራቱም ጎማ አስጠግታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ወደ እሱ ጎማ ተመለሱ።