ምስጋና ላይ የቀረ ስም

እ... እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። እሺ፣ ሰላም ነው።

ዛሬ ስለ አቶሚክ ሰዓት ላወራ ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። ይቆየን። እትዬ ደህና ናት፣ ለጠየቃችሁ ሁሉ። ትናንት ሁለቴ ብቻ ነው ያኮረፈችው። ለእሷ ዓይነት ሌዘር ይሄ ጥሩ ቀን ነው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የምርምር ታሪክህን አድሰህ አስገባ ተባልኩ። የታተሙ ሥራዎች፣ ዓመት፣ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ። ኤች-ኢንዴክስም አለ። 10 ነው ከተባለ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው። በቃ፣ ሰውዬው አንድ ቁጥር ሆነ። እና ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ ስወርድ አራተኛዋ ላይ ቆምኩ። የሩቢዲየም ወጥመዷ ላይ፣ አቶሞችን በሌዘር አቀዝቅዘን መሃል ላይ ስለያዝንበት የጻፍናት። ስሞቹን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።

ያቺን ሌሊት ታውቋታላችሁ፣ ስንት ጊዜ ቀልጄባታለሁ። ግን እስከ ዛሬ ግማሿን ነው የነገርኳችሁ።

ሦስት ሳምንት ደመናው፣ ማለትም ወጥመዱ ውስጥ የሚሰበሰቡት የቀዘቀዙ አቶሞች፣ እምቢ ብሎናል። ስድስቱ የሌዘር ጨረሮች መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ ቫኪዩሙ ንጹሕ ነው፣ እትዬ 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመቷ ላይ ቁጭ ብላለች። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። እኔ መስታወቶቹ ላይ ተደፍቻለሁ። ብሎኑን ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ፣ ፀጉር ታህል ወደ ግራ። እሱ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ያኔ ዕቃ ሊያግዘን የመጣ ልጅ ነው፣ ከኪሱ ኮምፓስ አወጣ። ኮምፓስ! ሳቅኩበት መሰለኝ። ሳቅኩበት።

መግነጢሳዊ መስክ ከሚሰጡት ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አንዱን አበራ። መርፌዋ ዞረች። አጠፋ። ሌላውን አበራ። መርፌዋ አሁንም ወደዚያው ዞረች።

«ወደዚያው ነው የዞረችው» አለ። ቀስ ብሎ፣ ራሱ ያጠፋ ይመስል።

በሁለቱ ጥቅሎች ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር አለበት። መሃሉ ላይ መስኩ ዜሮ ሆኖ ወደ ዳር ሲወጡ እንዲበረታ። አቶሙ ከመሃል ሲርቅ ብርሃኑ ገፍቶ የሚመልሰው ለዚህ ነው። እኛ ግን አንድ ዓይነት አድርገን አስረነው ነበር። እኛ ስል... እኔ ነኝ ያሰርኩት። ልጁ የአንዱን ጥቅል ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ አቀያየረ። ስክሪኑ ላይ ምስር የምታህል ብርሃን ቁጭ አለች። ማንም አልጮኸም። ሁላችንም ዝም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለ። የሩቢዲየም አቶም ክፍላችን ውስጥ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይሮጣል። አንዲት ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው፣ ገጭታ የምትቀንስለት በሰከንድ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለማቆም 50,000 ያህል ግጭት ይፈልጋል። ታዲያ የቷ ፎቶን ናት ያቆመችው? የመጨረሻዋ? ጥሩ ምሳሌ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ለእኔ የሚመች ምሳሌ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አዋጣ፣ ማንም ተበዳይ የለም። ተዉት።

በ1988 እነ ዊልያም ፊሊፕስ፣ የፊዚክስ ሊቁ፣ የሶዲየም አቶሞችን በሌዘር ሲያቀዘቅዙ ምን ገጠማቸው? ንድፈ ሐሳቡ ከ240 ማይክሮ ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ 240 ሚሊዮንኛ ዲግሪ) በታች አይወርድም ይላል። እነሱ 40 አካባቢ ለኩ። አላመኑም፣ በሌላ መንገድ ደጋግመው ለኩ። ከዚያ ልኬቱ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር አይገጥምም ብለው በአደባባይ ጻፉት። በ1997 ኖቤሉን ከስቲቨን ቹ እና ከክሎድ ኮሄን-ታኑጂ ጋር ሲካፈል ይሄም የታሪኩ አካል ነበር። ስህተቱ ሳይቀር መዝገብ ላይ አለ።

የእኛ ጽሑፍ ምን ይላል? «መግነጢሳዊ መስኩ ከተስተካከለ በኋላ።» ማን አስተካከለው? ማን አበላሸው? ግሡ ሁለታችንንም ዋጠን።

አስቀያሚው እሱ እንኳ አይደለም። የስም ዝርዝሩ ሲጻፍ «የቀረ ሰው አለ?» ተባለ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ። ክዳኑ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረው፣ እሱን እያየሁ... ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። «እንግዲህ ወደ ምስሎቹ እንሂድ» ተባለ፣ ሄድን። ልጁ ምስጋና ላይ ገባ። «ለጠቃሚ ውይይት።» ምን ውይይት? ሽቦ ነው የነቀለው!

ምናልባት ግድም አልሰጠውም። ምናልባት እኔው ነኝ የማካብደው። ደግሞ ያኔ እኔም ገና ተማሪ ነበርኩ፣ ብናገርስ ማን... አይ። እሱን እንኳ አልበል። ጠይቀውኛል እኮ።

ትናንት ማታ ኢሜይል ጀመርኩለት። ሰላምታው ላይ ቀረሁ። ያኔ «አንተ» ነበር የምለው። አሁን የራሱ ላቦራቶሪ አለው፣ ተማሪዎች አሉት፣ የእኔን ጽሑፎች የሚገመግም ሰው ሆኗል። «እርስዎ» ብለው የማሾፍ ይመስላል። «አንተ» ብለው ደግሞ... ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ—

ቆዩ፣ ያ ድምፅ... እትዬ ናት? አኮረፈች መሰለኝ። ልያት።