ዋንጫውን አልቀበልም ያለው ክለብ፦ የሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ታሪክ

[ስክሪን፦ የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ቀይ ማልያ። ካሜራው ክንፍ ወዳለው ጎማ ይጠጋል።]

ተራኪ፦ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ቡድን ማልያው ላይ ጎማ ምን ይሠራለታል? ጎማው የብስክሌት ነው። የተወለደውም ዲትሮይት ሳይሆን ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል ነው።

(በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1878 የሞንትሪያል ብስክሌት ክለብ ተቋቋመ። በ1881 ከላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) እና ከበረዶ ጫማ ክለቦች ጋር ተጣምሮ የሞንትሪያል አማተር አትሌቲክስ ማኅበርን መሠረቱ። ክንፋሙ ጎማም የማኅበሩ ዓርማ ሆነ። በ1884 መጨረሻ የመጣው የሆኪ ክለብ ግን ከማኅበሩ ጋር የተቆራኘ እንጂ የማኅበሩ ንብረት አልነበረም። ዓርማውን ይለብሳል፤ ፕሬዚዳንቱና ኮሚቴው የራሱ ናቸው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ጠብ ታመጣለች።

[ስክሪን፦ የቪክቶሪያ የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ ንድፍ]

የሚጫወቱት በቪክቶሪያ አዳራሽ ነበር። በረዶው 62 ሜትር በ24 ሜትር ገደማ ነው፤ የዛሬው የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማርች 3 ቀን 1875 በአዳራሽ ውስጥ የተካሄደው የመጀመሪያው የታወቀ ግጥሚያም እዚሁ ነው የተደረገው፣ በየቡድኑ ዘጠኝ ተጫዋች ሆኖ።

ማቀዝቀዣ ማሽን የለም። ወለሉ ላይ ውኃ ይለቀቃል፣ የውጭው ብርድ ያረጋዋል። ብርዱ ሲላላ በረዶው ይለሰልሳል፣ ላዩ ላይ ውኃ ያቁራል፣ ፓኩም (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ) እንደ ጭቃ ላይ ድንጋይ ባለበት ይቆማል። ውድድሩ በጥቂት የክረምት ወራት ተጨናንቆ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

[ስክሪን፦ ሰባት ነጥቦች በሜዳ ላይ]

በዲሴምበር 1886 አምስት ክለቦች ሊግ ሲያቋቁሙ ቡድን ማለት ሰባት ሰው ሆነ፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አራት አጥቂ። ሁለቱ ተከላካዮች እንደዛሬው ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ ከሌላው ፊት ይቆማሉ። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ የ10 ደቂቃ ዕረፍት። ጉዳት ካልደረሰ በቀር ቅያሪ የለም፤ ሰባቱ የጀመሩትን ሰባቱ ይጨርሱታል።

ከሁሉ የሚከብደው የማቀበል ሕጉ ነው። ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነበር፤ ከፓኩ ቀድሞ የተገኘ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ነው። ስለዚህ አጥቂው ወይ ራሱ እየነዳ ይገባል፣ ወይ ከጎኑና ከኋላው ላለው ይሰጣል። የቸኮለ የመስመር አጥቂ አንድ እርምጃ ከቀደመ ጥቃቱ ሁሉ ይመክናል። አራቱ አጥቂዎች አንድ መስመር ጠብቀው መሮጥ ነበረባቸው፤ ለዓመታት አብረው የተጫወቱ የሚያሸንፉትም በዚህ ነው።

ግቡ ስፋቱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር የሆነ ሁለት ቋሚ ብቻ ነው፤ መረብ የለውም። ከኋላ በረዶው ላይ የቆመ የግብ ዳኛ ገባ አልገባም ይላል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። ግብ ጠባቂው ደግሞ መተኛት፣ መንበርከክም ሆነ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ቆሞ ያድናል፣ ቆሞ ይገባበታል።

[ስክሪን፦ ትንሽ የብር ሳህን]

በዚህ ሕግ ሞንትሪያል ከ1888 ጀምሮ ሊጉን በየዓመቱ ወሰደ። በ1892 የካናዳ አገረ ገዥ ሎርድ ስታንሊ በ10 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) የተገዛ የብር ሳህን፣ ኋላ የስታንሊ ዋንጫ የተባለውን፣ ለአማተር ሻምፒዮን እንዲሰጥ አበረከቱ። በ1893 ሞንትሪያል ከ8 ጨዋታ 7ቱን አሸንፎ የመጀመሪያው ባለ ዋንጫ ሆነ፣ ያለ አንድ የፍጻሜ ጨዋታ።

ጠቡ እዚህ ጀመረ። የዋንጫው ባለአደራ ጆን ስዊትላንድ በሜይ 1893 ዋንጫውን ይዘው የሄዱት ወደ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የሆኪ ክለቡ ፕሬዚዳንት ጄምስ ስቱዋርት እንዲረከቡ ሲጠሩ፣ የአሰጣጡን ደንብ ሳላውቅ አልቀበልም አሉ። በዋንጫው ላይ የተቀረጸውም የማኅበሩ ስም ነበር። የተጫወትነው እኛ፣ የተጻፈው ሌላ! በእኛ ግምት ክለቡ እውነት ነበረው፤ ባለአደራዎቹ ክለቡንና ማኅበሩን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው ነገሩን ያበላሸው። ዋንጫው ለወራት ማኅበሩ ዘንድ ከቆየ በኋላ በ1894 ለክለቡ ተላለፈ።

በዚያው ዓመት አራት ቡድኖች እኩል 5 አሸንፈው 3 ተሸነፉ። የት እንጫወት በሚለው ክርክር ኩቤክ ወጣ፤ ጨዋታዎቹ ሞንትሪያል ውስጥ ስለሆኑ ብቸኛው እንግዳ ኦታዋ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈ። ሞንትሪያል የከተማውን ሌላ ክለብ ቪክቶሪያን 3 ለ 2 ጥሎ ማርች 22 ቀን ኦታዋን ገጠመ። ኦታዋ ቀድሞ አገባ። ቢሊ ባርሎ ሁለት፣ አርቺ ሆድሰን አንድ አክለው 3 ለ 1 ሆነ። የስታንሊ ዋንጫ የመጀመሪያው ፍጻሜ ይህ ነው። ከጨዋታው በኋላ የተቀረጸው «ሞንትሪያል 1894» ብቻ ነው፤ ማኅበሩ የለም።

[ስክሪን፦ የዓመቶች መስመር፣ በፍጥነት]

በ1902 ዊኒፔግ ድረስ ሄደው ዋንጫውን አመጡ፤ በአካል ትንንሽ ስለነበሩ «ትንንሾቹ የብረት ሰዎች» ተባሉ። በ1903 መጨረሻ አብዛኞቹ ወጥተው ዋንደረርስ የሚባል አዲስ ክለብ ውስጥ ገቡ። ሊጉ ገንዘብ የሚከፈላቸውን ተጫዋቾች ሲቀበል ክለቡ በ1908 ከባለሙያዎቹ ተለይቶ በአማተርነቱ ጸና፤ በ1930ም የአማተሮቹን የአላን ዋንጫ ወሰደ።

[ስክሪን፦ እንደገና ቀዩ ማልያ]

በ1932 ጄምስ ኖሪስ የሚባሉ ነጋዴ የዲትሮይትን ቡድን ገዙ። በወጣትነታቸው በሞንትሪያል ማኅበር ማልያ ተጫውተዋልና ቡድኑን ሬድ ዊንግስ (ቀይ ክንፎች) ብለው ጎማውን ለጠፉበት። ዲትሮይት የመኪና ከተማ ናት፤ የብስክሌት ጎማ ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።