ሥራው፣ ሰውዬው እና ሦስተኛዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይክራፎኑ ብቻ ነን። ብዙዎቻችሁ እንዳነሳው የወተወታችሁኝን ጉዳይ ላነሳ ነው። የምንወደው አርቲስት ነውረኛ ሆኖ ሲገኝ ሥራውን ምን እናድርገው?

የተለመዱትን ሁለት መልሶች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ "ሥራው ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ" ይላል። ሌላው "ሁሉንም ጠራርጎ መጣል ነው" ይላል። ሁለቱም ቶሎ ይገላግላሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚገላግል መልስ ብዙም አላምንም።

ጊዜው የራቀ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው። ሠዓሊው ካራቫጆ በ1606 ሮም ውስጥ ሰው ገደለ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ወዲያው ሸሸ፣ ሞትም ተፈረደበት፣ በሽሽት ላይ እያለም መሳሉን አላቆመም፣ በ1610 ሞተ። የገደለው ሰው ራኑቾ ቶማሶኒ ይባላል። ሥዕሎቹ ፊት ቆሞ ይህን ስም የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም ነው። ገዳይም ሟችም አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። እኔ ሥዕሉን ስላየሁ የሚጠቀም ገዳይ የለም። ስላየሁ የሚያመው ሟችም የለም። እሺ፣ ይኼን እንለፈው።

የሚያስቸግረው የቅርቡ ነው። አሜሪካዊውን ዘፋኝ አር ኬሊን እናንሳ። በ1994 አሊያ የምትባል ዘፋኝ የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። አልበሙን ያቀናበረው፣ አብዛኞቹን ዘፈኖችም የጻፈው አር ኬሊ ነው። የአልበሙ ስም በአማርኛ ሲባል "ዕድሜ ቁጥር እንጂ ሌላ አይደለም" እንደማለት ነው። እሷ 15 ዓመቷ ነበር፤ እሱ 27። በዚያው ዓመት 18 ነች ተብሎ በሐሰት ሰነድ አገባት። ጋብቻው በኋላ ፈረሰ። የአልበሙን ሽፋን ያየ ያስታውሳል፤ እሷ ከፊት ናት፣ እሱ ከኋላዋ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

እስቲ እንግዲህ ለዩት! ምኑ ከምኑ ነው የሚለየው? ሰውዬው የሚያደርገውን ነገር ግጥም አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ለራሷ ለልጅቷ ሰጥቶ አስዘፈናት። እኛም ገዝተን ጨፈርንበት። የደበቀብን ሰው የለም። ስሙም ሽፋኑም ይናገር ነበር፤ ሰሚው ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው።

በ2008 በሌላ ክስ በነፃ ተለቀቀ። በ2021 ግን ኒውዮርክ ላይ በልጃገረዶችና በሴቶች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ብዝበዛ ጥፋተኛ ተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት 30 ዓመት ተፈረደበት። ችሎቱ ላይ ከወጡት ነገሮች እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው። ኮንሰርቱ፣ ስቱዲዮው፣ "ዘፋኝ አደርግሻለሁ" የሚለው ተስፋ፣ በዙሪያው ያሉት ረዳቶችና ጠባቂዎች፣ ሁሉም ልጆቹ የሚገቡበት በር ነበሩ። ካራቫጆ ሰው የገደለው በሥዕሉ አይደለም። እዚህ ግን ሙዚቃው ራሱ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው። ሥራው ለጥፋቱ ካገለገለ፣ "ልለየው" ማለት ውሃ የሚያነሳ አይመስለኝም።

ታዲያ እንጣለው? ቆይ። አሊያ በ2001 በ22 ዓመቷ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ያ ድምፅ የእሷ ነው። አልበሙን እሱን ለመቅጣት ብዬ ብጥለው መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። እንደገና እሱ ባጠፋው እሷ ልትቀጣ ነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ ክርክራችን ምን እንደሚጎድለው የገባኝ መሰለኝ። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እኔና አርቲስቱ። ልስማው ወይስ ልተወው? ህሊናዬ ይረጋጋል ወይስ አይረጋጋም? ሦስተኛዋ የተጎዳችው ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ የለችም።

ፍራንሷዝ ዢሎን የምታውቋት ስንቶቻችሁ ናችሁ? "የፒካሶ ፍቅረኛ" ካልኩ ብዙ እጅ ይወጣል። ሠዓሊ ነበረች። ከእሱ ጋር አሥር ዓመት ያህል ኖራ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ራሷ ጥላው ወጣች። በ1964 ስለ ኑሯቸው መጽሐፍ ስታወጣ ፒካሶ ለማሳገድ ፍርድ ቤት ሄደ። አልተሳካለትም። እሷም በ2023 በ101 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ብዙ ሣለች። እስቲ ከሥዕሎቿ አንዱን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምጡት። አይመጣም፣ አይደል? "የሊቁ ሥራ ከሚጠፋብን" ብለን እንጨነቃለን። ደግ ነው፣ እንጨነቅ። ግን በአንድ አለቃ፣ በአንድ አዘጋጅ ምክንያት ሙያውን ጥለው የሄዱት ሰዎች ሥራስ? ያልተዘፈነውን ዘፈን ማን ያለቅስለታል? ዝርዝሩን እንኳ መጻፍ አይቻልም።

ስለ ገንዘብ የምትጽፉልኝ አላችሁ፤ "ባዳመጥከው ቁጥር ይከፈለዋል" ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን ከአንድ ሰሚ የሚደርሰው ኢምንት ነው፤ እኔን ያን ያህል እንቅልፍ አይነሳኝም። እኔን የሚነሳኝ ጭብጨባው ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ በ13 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ድርጊት በ1977 ጥፋቱን አምኖ፣ ቅጣቱ ሳይነገረው በ1978 ከአሜሪካ ኮበለለ። በ2003 በሌለበት የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ሲሰጠው አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ፊልሙን ቤት ቁጭ ብሎ ማየት አንድ ነገር ነው። ለሰውዬው መቆም ግን ለፊልሙ አይደለም።

ሐሳቤን የሚያወሳስብ ነገር አለ፤ አልዘለውም። የተጎዳችው ሴት ራሷ ያኔ በጋዜጣ ጽፋ፣ ፊልሙ በራሱ ይመዘን ብላለች። እንግዲህ ሦስተኛዋ ገብታ ተናገረች፣ የተናገረችውም "ለዩት" ነው! እኔ የምለው፣ እሷ ማለት ትችላለች። ይቅርታው የእሷ ንብረት ነው። አዳራሹ ግን ያጨበጨበው እሷን ጠይቆ አይመስለኝም።

አሁን እኔን በእውነት የከበደኝን ላውራና ላብቃ። የካናዳዋ ደራሲ አሊስ መንሮ፣ የ2013 የኖቤል ተሸላሚ። በግንቦት 2024 አረፈች። በሐምሌ ልጇ ጽሑፍ አወጣች። ከ9 ዓመቷ ጀምሮ የእንጀራ አባቷ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽምባት እንደነበር፣ በ1992 ለእናቷ በደብዳቤ እንደነገረቻት፣ እናትየው ግን ከሰውዬው ጋር መኖሯን እንደቀጠለች ጻፈች። ሰውዬው በ2005 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል።

ታሪኮቿን ደግሜ ሳነባቸው አልተበላሹም። የሚያስጨንቀው እሱ ነው። እንዲያውም ሰው እያወቀ ዝም ስለሚልባቸው ቤቶች የጻፈችው አሁን ይበልጥ ይወጋል። ከየት እንዳመጣችው ስለማውቅ ይሆን? ያንን እውቀት ለልጇ ሳትጠቀምበት ለገጸ ባሕርያቷ እንደተጠቀመችበት ሳስብ መጽሐፉን ዘግቼ እነሳለሁ። ከዚያ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

መጽሐፎቿን አልጣልኩም። አንብቡ ብዬ መምከሬንም አላቆምኩም። አሁን ግን ስመክር የልጇን ጽሑፍ አብሬ እልካለሁ። "የቱን ላስቀድም?" ለሚለኝ የልጇን እላለሁ።