ሆን ተብሎ የዛገ ብረት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ዝገት ነው፤ ሳይታሰብ ስለሚመጣው ሳይሆን ተጠርቶ፣ ተጠብቆ፣ በልኩ ስለሚቆመው ዝገት። የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል፣ ባሩድና ጥይት በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎችን በጥንቱ ዘዴ እሠራለሁ፤ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደው ረጅሙን የብረት ቱቦ ቡናማ ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ቡናማ መልክ ሲያይ ባለቤቱ ቸል ያለው ንብረት ይመስለዋል፤ እጁም ቶሎ ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ያ ቡናማ መልክ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ሠሪው ራሱ ደክሞ ያበጀው ነውና።

የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ሙስኬት፣ ማለትም በአፈሙዙ የሚጎርሰው ረጅም ጠመንጃ፣ ለረጅም ዘመን የሚያብረቀርቅ ነበር። ወታደሩ ነጸብራቁን ለማቆየት ብረቱን በጡብ ዱቄት ይፈትገዋል፤ ፍትጊያው ግን ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም እየላጠ ቱቦውን ያሳሳዋል። በፀሐይ የሚያበራ ብረትም ከሩቅ ይታያል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1800 ሥራ ላይ የዋለው የቤከር ጠመንጃ አድፍጠው ለሚተኩሱ ወታደሮች የተሠራ ስለነበር ቱቦው ቡናማ ተደረገ። ለተራው እግረኛ ሙስኬት ትእዛዙ የደረሰው በ1815 ነው። አሜሪካኖችም በሃርፐርስ ፌሪ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠሩት፣ ኋላ የሚሲሲፒ ጠመንጃ የተባለው የ1841 ሞዴል ቱቦው ቡናማ ነበር።

ወደ ሥራው ልግባ። ብረቱ በሞረድ ተስተካክሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ግን አይፈተግም፤ ብረቱን የሚያዝገው መድኃኒት የሚይዘው ትንሽ ሸካራነት ሲያገኝ ነው። ቀጥሎ ቅባት የሚባል ሁሉ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ ብረቱን አይነካም፤ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ መድኃኒቱን አይቀበልም። የቱቦው ሁለት ጫፎች በእንጨት ይወተፋሉ፤ ውታፉ ውስጡን ከዝገት ይጠብቃል፣ ለእጅም መያዣ ይሆናል።

መድኃኒቱ አሲድና የብረታ ብረት ጨዎች ያሉበት ውሃ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ጦር ይሠራበት የነበረው ቅመም ናይትሪክ አሲድ፣ ኮፐር ሰልፌትና የሜርኩሪ ጨው ነበረበት። ሜርኩሪ ያለበትን ማንም እንዲሞክር አልመክርም፤ መርዝ ነው፣ ያለ እሱም ጥሩ ቡናማ ይገኛል። መድኃኒቱ የሚቀባበት ጨርቅ ረጠብ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ይሳባል። ተመልሶ መደራረብ ነጠብጣብ ያመጣል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የአየሩ ነው። ቱቦው ሙቅ ውሃ የተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። በቨርጂኒያ የሐምሌ ወበቅ ሣጥንም ላያስፈልግ ይችላል፤ በብርዱ ወራት ግን ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው ዝገቱ አልነሣም ይላል። ሲነሣ በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ልል የሆነው ዱቄት ይጠረግና እንደገና ይቀባል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዝንጉርጉርና አስቀያሚ ናቸው። እኔ ግን ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ የማልፈልገው ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው ሣጥኑን ነው። ከዙር ዙር ነጠብጣቡ እየተገናኘ፣ ቀዩ እየጠቆረ፣ አንድ ወጥ ጥልቅ ቡናማ ይወጣል።

በየዙሩ በፈላ ውሃ ቢቀቀል ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ተለውጦ ቱቦው ጥቁር በሆነ ነበር። ለቡናማው ግን የሚጠበቀው መጨረሻው ነው፤ ያኔ አሲዱ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይከሽፋል፣ ብረቱ ይታጠባል፣ ሞቅ እንዳለ የተልባ ዘይት ወይም ሰም ይጠጣል። ምጣድ ያሟሸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቅባቱ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ገጹ ቀዳዳ ስላለው ነው። ቡናማው ራሱ ዝገት ቢሆንም ያንን ቅባት ይዞ ስለሚያቆይ እርጥበቱ ወደ ብረቱ በቀላሉ አይደርስም።

ብረቱን እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ መድኃኒቱን በመቀባት በአንድ ቀን የሚጨርሱም አሉ። ለትንንሽ ክፍሎች አልቃወምም። ረጅም ቱቦን ግን ዳር እስከ ዳር እኩል ማሞቅ ከባድ ነው፤ ልዩነቱም በመልኩ ላይ ይታያል።

ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ የወረሳችሁ ሁሉ እባካችሁ አትቸኩሉ። ባዶ መሆኑን ሙያውን በሚያውቅ ሰው አስመርምሩ፤ እነዚህ አሮጌዎች ባሩድ እንደጎረሱ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ጥቂት ዘይት አስነክታችሁ ብረቱን በቀስታ እሹት። ጨርቁ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ከቀረ ዝገቱ ገና እየበላ ነውና በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አስወግዱት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ግን ያያችሁት የሠሪው እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ስስ ሰም ቀቡትና ተዉት።